የግድብ ጠባቂው ምን ሆነ?

ሰኔ 24

ለምንዬ፣

ከሁሉ በፊት ይቅርታህን። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩህ ጨክኜብህ ሳይሆን የፈተና ወረቀት ሳርም ዓይኔ ጠፍቶ ነው። መቶ አርባ ተማሪዎችን አንድ ታሪክ አስተማርኳቸው፣ መቶ አርባ ዓይነት ታሪክ ጽፈው መለሱልኝ። አርባ ዓመት ሞልቶህ፣ ግድብ ላይ ውሃ ለኪ ተብለህ፣ እኔ ግን ያው በልጅነትህ «ለምን? ለምን?» እያልክ ባሰለቸኸን ስም ነው የምጠራህ። ደብዳቤውን ለሰው ካላሳየኸው ማን ያውቅብሃል?

እማዬ ደህና ናት። እግሯ ያው ነው። ጠዋት ከአልጋዋ ወደ መስኮቱ ወንበር በእኔ ትከሻ፣ ማታ ከወንበሩ ወደ አልጋዋ በጎረቤታችን በልብስ ሰፊው ትከሻ ትመላለሳለች። ቀኑን ሙሉ ወንዙን ስታይ ነው የምትውለው። «ልጄ እላይ ሆኖ የለካው ውሃ ነው በደጄ የሚያልፈው» ትላለች፣ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም።

ወደ ብጣሽህ ልምጣ። የአባባን ሕግ እስካሁን ስላላፈረስክ ደስ ብሎኛል፤ ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት፣ የቤት ወሬ በደብዳቤ፣ ሁለቱ አይደባለቁም። መልሱ አዎ ነው፤ አሉ። መካከለኛው አውሮፓ ውስጥ ኤልባ በሚባለው ወንዝ ሆድ፣ ውሃው ክፉኛ ሲጎድል ብቻ ብቅ የሚሉ ድንጋዮች አሉ። ድርቅ በመጣ ቁጥር ሰዎች ዓመቱን ይቀርጹባቸው ነበር። ከአንዱ ላይ የሚነበበው የመጀመሪያው ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1616 ነው። ኋላ ደግሞ አንድ ሰው «ካየኸኝ አልቅስ» ብሎ ጻፈበት። ጃፓን ውስጥም ባሕር ሞልቶ መንደር ከጠረገ በኋላ ኮረብታ ወገብ ላይ የተተከለ ድንጋይ አለ፤ «ከዚህ በታች ቤት አትሥሩ» ይላል። ሁለቱንም በፊታችን እሑድ «ለካስ!» በምትለው የጋዜጣ ዓምዴ አወጣቸዋለሁ። ግን አንተ ሰውዬ፣ ሰው ተራራ ላይ ተቀምጦ ዝናብ እየደበደበው ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ድንጋይ አምጪልኝ ይላል?

አንድ ነገር ልጠይቅህና ልዝጋ። የፖስታህ አፍ ሁለት ዓይነት ሙጫ አለበት። ድሮ ወረርሽኝ ካለበት ወደብ የሚመጣ ደብዳቤ በቢላዋ ተሰንጥቆ፣ ኮምጣጤ ተነክሮ፣ ጭስ ታጥኖ ነበር ለባለቤቱ የሚሰጠው። የአንተ ግን ኮምጣጤ አይሸትም፤ ሲጋራ ነው የሚሸተው። መቼ ጀመርክ?

ብጣሼን ከውስጥ ታገኘዋለህ። ውሃ ለኪ ስለሆንክ ውሃ ጠየቅኩህ።

እህትህ


ሐምሌ 4

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሲጋራ አልጀመርኩም። እዚህ የሚመጣውም የሚሄደውም ደብዳቤ በቢሮ ከረጢት ነው፤ ጸሐፊያችን ከፍቶ ያየዋል፣ ይመዘግበዋል፣ መልሶ ይለጥፈዋል። አሠራሩ ነው። አለቃችን ደህና ናቸው። ሥራው በመልካም ሁኔታ እየተካሄደ ነው። ጸሐፊያችንም ሰላም ይልሻል፤ ባይልም እንዳለሽ ቁጠሪው።

ለብጣሽሽ መልስ አለኝ። ልክ ነሽ፣ ግብፆች ዓባይን የሚለኩበት ጉድጓድ ነበራቸው። በደረጃ ይወረዳል፣ መሐሉ ላይ በክንድ በክንድ የተቆረጠ ዓምድ ቆሟል። የዓመቱ ግብር የሚወሰነው በእሱ ነበር። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት አንድ ገዥ፣ ውሃው አሥራ ስድስት ክንድ ሳይሞላ መጠኑ ለሕዝብ እንዳይነገር ከለከለ ይባላል። ሰዉ ደንግጦ እህል እንዳይደብቅ ብሎ ነው አሉ። ለኪው ሰውዬ በየቀኑ ወርዶ ያያል፣ ያውቃል፣ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሚስቱ «ዛሬ እንዴት ዋለ?» ስትለው ምን ይላት ነበር? እሱን መጽሐፍ አልጻፈውም።

እኔም በየማለዳው ከግድቡ እግር ሥር ሰርጎ በትንሿ ቦይ ከሚፈሰው ውሃ፣ ከስርገቱ፣ አንድ አንድ ብርጭቆ እየቀዳሁ መስኮቴ ላይ እደረድራለሁ። አሥራ አንድ ሆነዋል። በመጀመሪያው በኩል ጋዜጣሽን ማንበብ ይቻላል። በመጨረሻው በኩል መስኮቱም አይታይ። ጸሐፊያችን «ምን ሊያደርግልህ ነው?» አለኝ። ይጠማኛል አልኩት።

ለእማዬ የኮረብታው አየር ሳይሻላት አይቀርም። ትምህርት ቤትሽ ግቢ ውስጥ የምትኖረው የሥራ ባልደረባሽ ዘንድ ለክረምቱ ብትወስጃት ምን ይመስልሻል? እስቲ አስቢበት።

ብጣሹን ጋዜጣ ላይ ከማውጣትሽ በፊት ለራስሽ አንብቢው። ሁለቴ። ለእማዬም አንብቢላት።

ለምንዬ


ሐምሌ 15

ለምንዬ የእኔ ጌታ፣

ሁለቴ አልከኝ፤ እኔ ሦስቴ አነበብኩት! እንዲህ ያለ ጥያቄ አንባቢዎቼ ከላኩልኝ ዓመት አልፎኛል። አዘጋጁ ግማሽ ገጽ ሰጠኝ። ግማሽ ገጽ!

ከግድብ ሥር የሚወጣ ውሃ ሲደፈርስ ምን ማለት ነው ላልከው፣ የአባባን ወፍራሙን ቀይ መጽሐፍ አውጥቼ መልሱን አገኘሁት። በአውሮፓውያን 1928 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። የግድቡ ጠባቂ ጠዋት ሲዞር አዲስ ስርገት አየ። ግድብ ሁሉ ትንሽ ያልበዋል፤ የጠራ ውሃ ከሆነ ማንም ግድ አይለው። ይሄ ግን ጭቃማ መሰለው። ውሃው ከደፈረሰ ከውስጥ አፈር ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ግድቡ ከእግሩ ጀምሮ እየተበላ ነው። ጠባቂው ደውሎ ተናገረ። ዋናው መሐንዲስ ራሱ መጣ፣ ዞሮ ተመለከተ፣ የሚያሰጋ ነገር የለም ብሎ ተመለሰ። ግማሽ ቀን ገደማ ቆይቶ ግድቡ ተደርምሶ ሄደ። ከአራት መቶ ሰው በላይ አለቀ።

እንዴት እንዳከበርኩህ ልንገርህ? ከጽሑፉ ግርጌ «ይህን ግሩም ጥያቄ የላኩልን ግድብ ላይ ውሃ በመለካት ሥራ የተሰማሩ አንባቢያችን ናቸው» ብዬ አስገባሁ። ስምህን አልጻፍኩም፤ ግን የሚያውቅህ ያውቅሃል። ቆርጬ ልኬልሃለሁ፤ ግድግዳህ ላይ ለጥፈው። እማዬ አስነብባኝ ወረቀቱን ሳመችው።

ኮረብታ ስለምትለው፣ አንገቷን ነቀነቀች። እዚያ ወንዝ አይታይም አለች። የእኛስ አየር ምን ሆነና? አንተ ደግሞ አንዳንዴ ከመሬት ተነስተህ ሰው ታሳስባለህ።

እህትህ


ሐምሌ 22
በሾፌሩ እጅ

እትዬ፣

ምን ነካሽ?

ሰላምታውን ኋላ እመለስበታለሁ። ይህ ደብዳቤ በከረጢቱ አይመጣም። የጭነት መኪናው ሾፌር ሸሚዙ ውስጥ ከትቶት ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ እንደ ልቤ ልጻፍ። ያ ብጣሽ የጋዜጣ ጥያቄ አልነበረም። ደብዳቤዬ ሁሉ ይነበባል። ብጣሾቹን ግን ጸሐፊው የጋዜጣ ጨዋታ ናቸው እያለ ያሳልፋቸዋል። ስለ ግድባችን ልነግርሽ የምችልበት ሌላ ቦታ አጥቼ ነው እዚያ ላይ የጻፍኩት። ሁለቴ አንብቢው፣ ለእማዬ አንብቢላት፣ ኮረብታው ላይ ውሰጃት ያልኩሽ ለምን ይመስልሻል?

አውቃለሁ፣ የአባባ ሕግ ነው ያሳሳተሽ። ብጣሽ ላይ የቤት ወሬ አይጻፍም። እኔም አፈርሰዋለሁ ብለሽ አላሰብሽም። ግን እትዬ፣ ከግማሽ ገጹ በፊት ወንድምሽን አታስቢም?

ጋዜጣው ሰኞ መጣ። አለቃችን ግርጌው ላይ በቀይ እርሳስ አሥምረውበት ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉትና «ይህ አንባቢ ማነው?» አሉ። እዚህ ውሃ የሚለካ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። የመለኪያ መዝገቤን ተቀበሉኝ። አሁን መጋዘን ውስጥ የቧንቧ መገጣጠሚያ በዓይነት በዓይነቱ እለያለሁ።

ነገሩ ይህ ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ በቦይዋ አፍ ሁለት ጣት ይፈስ የነበረው ስርገት ዛሬ ሰባት ጣት ነው። ቀለሙ የጡብ ቀለም ሆኗል። በሮቹን ከፍቶ ሐይቁን መቀነስ ይቻላል። ግን የምረቃው ቀን ተቆርጧል፤ እንግዶች ሙሉ ሐይቅ ሊያዩ ነው የሚመጡት፤ አለቃችንም ጎዶሎ ሐይቅ አያሳዩም። «ሁለት ጣት ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ሰባት ብዬ ጻፍኩ። እኔን ከቦታዬ ለማንሳት ምክንያት ሲፈልጉ አንቺ በጋዜጣ ላክሽላቸው።

ይኸው ተናደድኩብሽ፤ አበቃ። አሁን ስሚኝ። ግድቡ ከተደረመሰ ወንዙ ዳር ያለው የእናንተ ሰፈር የመጀመሪያው ነው። እማዬን አውጫት። ልብስ ሰፊውን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ንገሪ። በሾፌሩ እጅ አንድ ጠርሙስ ልኬልሻለሁ፤ የዛሬ ጠዋት ውሃ ነው። አታናውጪው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪውና እስኪዘቅጥ ጠብቂ።

እኔ እዚሁ ነኝ። መዝገቤን ወሰዱብኝ እንጂ ብርጭቆዎቼን ማንም አልነካቸውም፤ መኖሪያዬም ከግድቡ እግር ሥር ነው፤ በየማለዳው ወጥቼ አያለሁ። መኪናው በወረደ ቁጥር ጠርሙስ እልካለሁ።

ብጣሹ ላይ ያለው ለጋዜጣ አይደለም። መልሱን ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ።

ለእማዬ ሰላምታዬን ስጪልኝ። ደህና ነው በያት።

ለምንዬ


ሐምሌ 27
በሾፌሩ እጅ

ወንድሜ፣

እጄ ይቆረጥ። ሌላ ምን እላለሁ? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን «ጥያቄውን በደንብ አንብቡ» ስል ኖሬ ራሴ ሦስቴ አንብቤ አንዱንም አላነበብኩትም። ማረኝ አልልህም፤ ለምሕረት ጊዜ የለም።

ጠርሙስህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማግስቱን አንድ ጣት ጭቃ ዘቀጠ።

ያደረግኩትን ልንገርህ። ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። አንድ ትሕትና የማይጎድለው ሰውዬ ወንበር ሰጠኝና የእናንተን አለቃ ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አወጣ፤ «ስርገት ሁለት ጣት፣ የሚያሰጋ ነገር የለም» ይላል። ጠርሙሱን ሳሳየው «መምህርት፣ ይሄ ከየትኛውም ኩሬ ይቀዳል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይቀዳል።

ጋዜጣው ቤት ሄድኩ። አዘጋጁ ስለ ግድባችን አንዲት ቃል አላትምም አለ። ታሪክ ከሆነ ግን እንደ ፈለግሽ አለኝ።

ሰፈሩ ባሰ። የዛሬ አራት ዓመት፣ ግድቡ ገና ሲሠራ፣ የማስጠንቀቂያው ሳይረን በስሕተት ጮኾ ሰዉ ሁሉ በዝናብ ኮረብታ የወጣበትን ቀን ታስታውሳለህ። ዳቦ ጋጋሪው አንድ ምድጃ ሙሉ ዳቦ ከሰል ሆኖበት ነበር። አሁን አፌን ስከፍት «ዳቦዬን ማን ይከፍለኛል?» ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። አሜሪካ ውስጥ ጆንስታውን የምትባል ከተማም እንዲሁ ነበረች። በአውሮፓውያን 1889 ግድቡ ሊሄድ ነው የሚል ቴሌግራም በተደጋጋሚ መጣላት። ከዚያ በፊት በየዓመቱ «ሄደ፣ ሄደ» ሲባል ስለ ኖረ ጆሮ የሰጠው ሰው ጥቂት ነው። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ነው ያለቀው። ያን ሳነብ ሰዎቹን እንደ ሞኝ እቆጥራቸው ነበር። ሞኞች አልነበሩም፤ አንዴ ዳቦ ያረረባቸው ሰዎች ነበሩ።

እማዬ እምቢ አለች። «ልጄ እላይ ሆኖ እየለካው ምን ያስፈራኛል?» ነው የምትለው። መዝገብህን መቀማትህን አልነገርኳትም። ልብስ ሰፊው ብቻ ነው ሳይስቅ የሰማኝ። «እስቲ ሌላ ጠርሙስ ይምጣና አጠገቡ እናቁመው» አለኝ።

ስለዚህ ላክልኝ። አንተ ካላየህልን ማን ያይልናል?

ብጣሽህ ላይ የግድብ ጠባቂው ምን ሆነ ብለህ ጠይቀሃል። መጽሐፉ አይናገርም። ፈልጌ አጣሁት።

እህትህ


ነሐሴ 2
በሾፌሩ እጅ

እትዬ፣

መልስሽን አነበብኩ። ገባኝ። እዚሁ ነኝ።

ስንት ቀን ይቆያል ካልሽኝ፣ አላውቅም። አውቃለሁ የሚልሽ ሰው ካለም እሱ ዋሽቶሻል። የማውቀውን ልንገርሽ። ስርገቱ አሥር ጣት ሆኗል። ድሮ ብርጭቆ ውስጥ ጭቃው እስከ ረፋድ ይዘቅጥ ነበር፤ አሁን እስከ ማታም አይዘቅጥ። ከቦይዋ በስተ ግራ፣ ሣሩ ላይ፣ ትናንት ያልነበረ ሁለተኛ ምንጭ አለ። እግሬን ሳሳርፍበት መሬቱ ይርዳል።

ለአለቃችን ነገርኳቸው። ፊት ነሱኝ። ግን ዘወር ሲሉ በመስኮት ወደ ግድቡ እግር አየት ሲያደርጉ አይቻቸዋለሁ። እሳቸውም እንቅልፍ የላቸውም። የሳይረን ቤቱ ቁልፍ ጸሐፊው ወገብ ላይ ነው፤ ያለ አለቃ ትእዛዝ አይከፍትም።

ሾፌሩን ትናንት ኬላው ላይ ፈትሸውታል። ይህን ደብዳቤና ሁለተኛውን ጠርሙስ ካደረሰልሽ በኋላ ሌላ ነገር በእጁ መላክ አልችልም። ከእንግዲህ ከረጢቱ ብቻ ነው ያለው።

ጠርሙሱን ከመጀመሪያው አጠገብ አቁሚው። አታናውጪው።

ለምንዬ


ነሐሴ 8
በከረጢቱ

ይህን ደብዳቤ ለሚከፍቱት ለጸሐፊው፣

ወንድሜ፣ አንተ ነህና ቀድመህ የምታነበው ቀድሜ ለአንተ ልጻፍ። አላውቅህም፤ ሲጋራህን ብቻ ነው የማውቀው። ይህን ለአለቃህ ልታሳይ ትችላለህ። እኔ የምለምንህ ግን ሙጫ ፍለጋ ሳትሄድ፣ እንደ ተከፈተ ለወንድሜ እንድትሰጠው ነው። ቁልፉም በወገብህ ላይ ነው።

ለምንዬ፣

እማዬ ኮረብታው ላይ ናት። ልድገምልህ፤ እማዬ ኮረብታው ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ናት። ሰፈሩም አጠገቧ ነው።

እንዴት ካልከኝ፣ በታሪክ ነው። እሑድ «ለካስ!» ላይ ጆንስታውንን ጻፍኩ፤ የሳቁትን ሰዎች። ከሥሩ ያን የግድብ ጠባቂ ደግሜ አመጣሁት፤ ስለ ግድባችን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። መጨረሻ ላይ «የደፈረሰ የስርገት ውሃ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ አንባቢ፣ ወንዝ ዳር ባለው የልብስ ስፌት ቤት ሁለት ጠርሙስ አለ» ብዬ ዘጋሁት።

ልብስ ሰፊው ጠርሙሶቹን ከስፌት መኪናው አጠገብ ደረደራቸው። መኪናው ሲሠራ ጠረጴዛው እየተርገበገበ ጭቃውን ያስነሳዋል። ስለዚህ መኪናውን አቆመው። በበሽታም በለቅሶም ሥራ ያላቆመ ሰው መሆኑን ታውቃለህ። ሰዉን ያስደነገጠው ከጠርሙሱ ይልቅ የመኪናው ዝምታ ይመስለኛል። መንገድ የሚያልፈው ሁሉ «ምን ሆንክ?» እያለ ገባ። የገባውም ጠርሙሶቹን ያያል። አንደኛው አንድ ጣት ጭቃ፣ ሁለተኛው አራት ጣት፣ በመካከላቸው አሥር ቀን። ለማንም ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ዳቦ ጋጋሪው ሊያላግጥ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ። ወጣ፤ እኔም በቃ ሄደ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ትንሽ ቆይቶ የዳቦ ማመላለሻ ጋሪውን ባዶውን እየገፋ ተመለሰና «እናትሽን ጫኛት» አለኝ። እማዬ በዳቦ ጋሪ፣ ወንበሯን አቅፋ ወጣች። ወንዝ ወደሚታይበት መስኮት ካላዞራችሁኝ አልቀመጥም ብላ አስቸግራናለች። ሌላው በማግስቱ ተከተለ፤ አንዱ ዘመድ ጥየቃ ነው ብሎ፣ አንዱ ጣሪያ ሊጠግን ነው ብሎ፣ ፈራሁ ያለ የለም። እኔ ራሴ ቤት ለቤት ዞሬ አይቻለሁ። ታች የቀሩት ሁለት ድመቶች ናቸው።

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። ዋሸሁህ። መጽሐፉ ይናገራል። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ ዳር ላይ በእርሳስ የተሰመረበት፣ የአባባ ምልክት መሰለኝ፣ በግልጽ ተጽፏል። የግድብ ጠባቂው ቤት ከግድቡ ሥር ነበር። ውሃው መጀመሪያ ከደረሰባቸው አንዱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሬሳው አልተገኘም።

ቤትህ ከግድቡ ሥር መሆኑን ነግረኸኝ ነበር። ምን እንደምትጠይቀኝ ገብቶኝ ነው የዋሸሁት። እውነቱን ብጽፍልህ ትወርዳለህ፣ ከወረድክ ጠርሙስ የለም፣ ጠርሙስ ከሌለ እማዬን ማንም አያወጣልኝም ብዬ ነው። አንተን ለእማዬ ለወጥኩህ። እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወጣ።

ውረድ። ይህን አንብበህ እንደ ጨረስክ ውረድ። ብርጭቆዎቹን ተዋቸው።

እህትህ


ነሐሴ 16
ከማዶ፣ በጀልባ

እትዬ፣

ጀልባ ቀዛፊው ያመጣው ብጣሽ ደርሶኛል። ደብዳቤ የለውም፣ ሰላምታ የለውም፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ። መልሱ፦ አለሁ።

ጽሑፉ የእኔ አለመሆኑን አይተሽ እንዳትደነግጪ። ቀኝ ክንዴ በሁለት በኩል ተሰብሯል፤ ዳገቱን ስሮጥ ወድቄ ነው። የሚጽፍልኝ ጸሐፊው ነው። ሲጋራ ከሸተተሽ ከእሱ ነው። ይኸው አሁን ይህንንም እየሳቀ ጻፈው።

ነሐሴ 11 ረፋድ ላይ መጋዘኑ ውስጥ ሳለሁ እየሮጠ መጣ። ፖስታሽ በእጁ ላይ እንደ ተከፈተ ነበር። እስከ ዛሬ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። እኔ ሳነብ እሱ ቁልፉን ከወገቡ ፈታ። ሳይረኑን ያስጮኸው እሱ ነው፤ ማንንም አላስፈቀደም። የሠራተኛ ቤተሰቦችን ሾፌሩ በሁለት ጉዞ አወጣቸው። አለቃችን ከቢሮ ወጡና ይቆጡናል ስንል፣ መስኮቴ ላይ ወደ ተደረደሩት ብርጭቆዎች ቆመው አዩ። ከዚያ በሮቹን ሊከፍቱ ወደ ግድቡ አናት ወጡ። ጠርተናቸው ነበር። እስካሁን እየፈለጓቸው ነው።

የቀረውን ከኮረብታው ሆናችሁ አይታችሁታል፤ አልደግመውም። ቤታችንን ውሃው መውሰዱን ሰምቻለሁ። ከሰፈራችን አንድም ሰው አልጎደለም ሲሉኝ ጸሐፊው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ይህን አልጽፍም ብሎኝ ነበር፤ ጻፍ አልኩት።

አሁን ስለ ውሸትሽ። አልተቀየምኩሽም ብል እኔም እዋሻለሁ። ክንዴ ሲድን ቁጭ ብለን እንጣላለን። ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ። ቀዩን መጽሐፍ አባባ ከአንቺ በፊት ለእኔ ነበር የሰጠኝ። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ያለው እርሳስ የአባባ አይደለም፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ያሰመርኩት ነው። የግድብ ጠባቂው ምን እንደ ሆነ ሳልጠይቅሽም አውቅ ነበር። የጠየቅኩሽ አንቺ ምን እንደምትዪኝ ለማየት ነው። አንቺ ደግሞ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ፈልገሽ አታጪም። «መጽሐፉ አይናገርም» ስትዪኝ እማዬ እስክትወጣ እንድቆይላችሁ መፈለግሽን አወቅኩ። ስለዚህ ቆየሁ። እውነቱን የጻፍሽበት ደብዳቤ የደረሰኝ ቀን ወረድኩ።

የእማዬን ወንበር ከወንዙ መልሰሽ ወደ መንገዱ አዙሪላት። ቅዳሜ በዚያ በኩል ነው የምመጣው።

ለምንዬ